የጋሽ ደምሴ ጥሩምባና ስማቸው የማይጠራው እንግዳ

ያን ቀን ጉለሌ የመጡትን ባለሥልጣን ስም አልነግራችሁም። ፈርቼ አይደለም፤ ደርግ ከወደቀ ስንት ዘመኑ። ግን ያኔ «ስማቸውን እንዳታነሳ» ያለኝ ሻምበል እንዴት አድርጎ እንዳለኝ ብታዩት፣ እናንተም እስከ ዛሬ አፋችሁን አትከፍቱም ነበር። ስለዚህ «እንግዳው ጓድ» እያልኩ ልቀጥል። ትልቅ ሰው እንደነበሩ ግን እወቁልኝ፤ ስማቸውን ብጠራው «እሳቸው?» ብላችሁ ከወንበራችሁ ትነሱ ነበር።

ሥራዬ ፎቶግራፍ ማንሳት ነው፣ በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ። ይህን ስል ደረቴን የነፋሁ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ማለት ሰው ሲጨባበጥ የሚያነሳ ማለት ነው። የጉርምስና ዘመኔን በሙሉ የፈጀሁት መጨባበጥ ሳነሳ ነው። መጨባበጥ ሲጠፋ ችግኝ ተከላ አለ። አንድ ችግኝ ሦስት ጊዜ ሲተከል አንስቻለሁ፤ ሦስት ጓዶች በየተራ ተከሉት፣ ከዚያ በኋላ ፀደቀ አልፀደቀ የጠየቀው የለም።

ቤቴ ቀጨኔ ነበር። በሰፈሩ ካሜራ ያንጠለጠልኩ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ክርስትናውም ሠርጉም ሲመጣ የሚጠራው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረብኝም። ችግሩ ፊልም ነው። የጋዜጣው ንብረት ክፍል ለአንድ ሥራ አንድ ጥቅል ይሰጣል፤ ያውም አሮጌውን ካላስረከብክ አዲሱን አታይም። ታዲያ እኛ ፎቶ አንሺዎች አንድ ዘዴ ነበረችን፤ የጥቅሉን ግማሽ ለመንግሥት፣ ግማሹን ለሰፈር። መጀመሪያው ላይ ሙሽሪት ትሆናለች፣ መጨረሻው ላይ ሚኒስትር። ጨለማ ክፍል ገብተን ስናጥብ ሁለቱን እንለያያቸዋለን፤ ሙሽሪትም ሚኒስትሩም አንድ ጥቅል ላይ እንዳደሩ ሳያውቁ ይቀራሉ።

ማንሳቱስ ተነሳ፣ ማተሚያው ወረቀት ግን ከፊልሙም የባሰ ነው። ስለዚህ ሰው ፎቶዬስ ሲለኝ «ነገ ይታጠባል» እላለሁ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ የዛሬ ሳምንት እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈ። በእናታቸው ክንድ ላይ ሆነው ክርስትና ሲነሱ ያነሳኋቸው ልጆች በእግራቸው መጥተው «ፎቶዬስ?» ብለውኛል። ያን ጊዜ እንኳ አላፈርኩም።

ያፈርኩት ሽማግሌ የላክሁ ቀን ነው።

ጋሽ ደምሴ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ቁልቁለት ዳገቱን እየዞሩ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፤ ነፍተውም የሞተውን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ። ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ካፖርታቸውን ሐምሌም ጥርም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ከቀጨኔ እስከ ዊንጌት መልካቸውን የማያውቅ የለም። እንደሳቸው ደግ ሰውም የለም፤ ግን በመንገድ ሲመጡ ያየ ሁሉ ክው ይላል። በርበሬ ሊገዙ ሱቅ ቢገቡ እንኳ ባለሱቁ ቆሞ «ማን ነው?» ይላቸዋል። «ሩብ ኪሎ በርበሬ ነው» ይሉታል እሳቸው፣ ያኔ ይቀመጣል።

እኚህ ሰው ትርሲት የምትባል ልጅ አለቻቸው። ሽሮ ሜዳ፣ የሸማኔዎች ማኅበር ሱቅ ውስጥ ነጠላ ትሸጣለች። ዋጋ የተከራከራት ሰው ነጠላውን ገዝቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚወጣው። እኔ ለማንም ዘመድ የማልሰጠውን ነጠላ ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ። በሦስተኛው «እናትህ ስንት ናቸው?» አለችኝ። ነገሩ እዚያ ላይ ተጀመረና ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ በመጨረሻ የነፍስ አባቴን መምሬ ክንፈን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አባቷ ዘንድ ላክሁ።

ጋሽ ደምሴ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው፣ ጠላ አስቀድተው፣ ከሰሟቸው በኋላ የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ልጁ ፎቶ አንሺ ነኝ ይላል። ሦስት ዓመት ሲያነሳ አይቻለሁ፤ አንድ ፎቶ ግን አላየሁም። ነገ ብሎ ነገን የማያመጣ ሰው ልጄን ምን ብሎ ያኖራታል? እኔን ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ያንሳኝ። የነገ ሳምንት፣ እሑድ፣ ፎቶዬን ይዛችሁ ስትመጡ እንነጋገራለን። ባዶ እጃችሁን ከሆነ ግን በዚህ ጉዳይ ዳግመኛ ደጄን እንዳትረግጡ።»

ጋሽ ደምሴ ቃላቸውን ሲያጥፉ ያየ የለም። የለፈፉት ሰው ተነስቶ አያውቅም።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ካሜራዬን ይዤ ሄድኩ። ግማሹ ያልተነካ ጥቅል አለኝ። ጋሽ ደምሴ ግቢያቸው ውስጥ፣ ጭቃው ግድግዳ ሥር ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ካፖርት፣ ባርኔጣ፣ ጉልበታቸው ላይ ጥሩምባ። ጥሩምባውን ቢያስቀምጡት ይሻላል ስላቸው «ያለሱ ማን ያውቀኛል?» አሉኝ፤ እውነትም ነው። በቀኝ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ቆሙ፣ በግራ ትርሲት። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን ሦስት ጊዜ አስተካክለው በመጨረሻ እጃቸውን የባላቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ፤ ወዲያው አፍረው አነሱት። ጋሽ ደምሴ ዘወር ሳይሉ «መልሽው» አሏቸው። ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው አንድም ጊዜ አብረው ተነስተው አያውቁም። «እኔ የሰው ሞት ስናገር ነው የኖርኩት» አሉኝ፤ «የኔም ሲደርስ እሷ የምታየው ነገር ይኑራት።» ሦስት ጊዜ አነሳሁ። በሦስቱም ትርሲት የምታየው ካሜራውን ሳይሆን እኔን ነበር፤ ይህንን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ጠራኝ። እንግዳው ጓድ ከሰፈራችሁ በላይ ያለውን የጦር ሰፈር ሊጎበኙ ነውና ካሜራህን ይዘህ ሂድ፣ ጉዳዩ ጥብቅ ምስጢር ነው አለኝ። ንብረት ክፍል ሮጥኩ። አሮጌውን አስረክብ አሉኝ። አላለቀም አልኩ። እንግዲያው በሱ ሂድ፣ መጨባበጥ ስንት ፊልም ይፈጃል አሉኝ። ሄድኩ፤ ጋሽ ደምሴንም ከነቤተሰባቸው ካሜራዬ ሆድ ውስጥ ይዤ ሄድኩ።

ስለ ምስጢሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀበሌያችን ከሐሙስ ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ሲለፍፍ ሰንብቷል። ከዋናው መንገድ እስከ ጦር ሰፈሩ ያለው ዳገት ይጠረግ። የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ ይቀባ። ውሻ ይታሰር። አጥር ላይ ልብስ እንዳይሰጣ። ሰዉ «ማን ሊመጣ ነው?» ሲል ሊቀመንበሩ «ምስጢር ነው» ይላል፤ ይህንንም የሚለው በድምፅ ማጉያው ነው። የእድሜዬን ግማሽ ጉለሌ ኖሬ ድንጋዩ እንደዚያ ነጥቶ አይቼው አላውቅም።

ጦር ሰፈሩ በር ላይ አንድ ሻምበል ጠበቀኝ። ቀጭን፣ ፂሙን የተላጨ፣ ደብተር የያዘ፣ ፊቱ ላይ ምንም የማይነበብ ሰው። ደብተሩን ገለጠና የተከለከለውን ይዘረዝርልኝ ጀመር። በሩን ማንሳት ክልክል ነው። አጥሩን፣ ሕንፃውን፣ መኪናውን፣ መሣሪያውን፣ ወታደሩን፣ ክልክል። ተራራውንም።

እንጦጦን ነው የሚለው። ጠላት ተራራውን አይቶ ቦታውን ሊያውቅ ይችላል አለኝ። እንጦጦን ከመላው አዲስ አበባ የማያየው ዓይነ ስውር ብቻ ነው ልል አሰብኩና ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ቀጠለ። ጓዱን ማንሳት ይቻላል፤ ከወታደር ጋር ሲሆኑ ግን አይቻልም። ሲበሉ አይቻልም። ሲናገሩ አፋቸው ከተከፈተ አይቻልም። ተቀምጠው አይቻልም፣ ወንበሩ የሠራዊቱ ንብረት ነው። እኔም የዋህ ነኝና ሰማዩንስ ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየና ትንሽ አሰበ። «ደመና ካለበት ይቻላል» አለኝ።

ከኔ ጋር የመጣው ጋዜጠኛ የባሰ ነበር። ማን፣ የት፣ መቼና ለምን የሚሉትን እንዳይጽፍ ተነገረው። በስንት ልመና የጓዱ ስም ተፈቀደለት። ከዚያ ውጭ የቀረው «እንዴት» ብቻ ስለሆነ «በደመቀ ሁኔታ» ብሎ ጻፈና ሥራውን ጨርሶ እስከ ማታ ጥላ ሥር ተቀመጠ። እኔ ግን ስሮጥ ዋልኩ። ጓዱ ወደ ቀኝ ሲሉ በስተቀኛቸው ወታደር፣ ወደ ግራ ሲሉ መኪና፣ ዞር ሲሉ እንጦጦ። በርከክ ብዬ፣ ተንጋልዬ፣ አንዴማ በሆዴ ተኝቼ አነሳኋቸው። እሳቸውም መሬት ላይ ሲያዩኝ «ይህ ልጅ አሞታል እንዴ?» ብለው ጠየቁ ይባላል።

ሊያበቃ ሲል ሻምበሉ እጁን ዘረጋ። ፊልሙን አምጣ አለኝ። እኛ ጋ ነው የሚታጠበው ስለው፣ እዚሁ ይታጠባል አለ። ልንገረው? በመንግሥት ፊልም የጎረቤት ፎቶ አንስቻለሁ ልበለው? ወይስ ዝም ልበል? ዝም አልኩና አስረከብኩ። ጋሽ ደምሴ፣ እትዬ ዘነቡና ትርሲት በፈቃዴ ጦር ሰፈር ገቡ።

አመሻሽ ላይ ትርሲትን ሰፈራችን ቦኖ ውሃ ጋ አገኘኋት። «ለማንም እንዳትናገር» የተባልኩትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። እንጦጦን፣ ወንበሩን፣ ደመናውን። እየሳቀች ባልዲው ሞልቶ እስኪፈስ ረሳችው። ከዚያ ድንገት ሳቋ ቆመ።

«የአባባስ ፎቶ?»

እዚያው ውስጥ ነው አልኳት። ባልዲዋን አነሳች። «እሑድ ባዶ እጅህን ከመጣህ» አለች፣ «እሳቸውም እምቢ ይላሉ፣ እኔም አባቴን አልፌ አልመጣም። የምታደርገውን አድርግ።» ድምጿ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ረቡዕ ጦር ሰፈሩ ድረስ ተጠራሁ። ፎቶዎቹ ታጥበው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ሻምበሉ አንዱን በጣቱ ገፋልኝ፤ የጋሽ ደምሴ ነው፣ ጥሩምባቸው በቀይ እርሳስ ተከቧል። ይህ ምንድን ነው አለኝ። የእድር ጥሩምባ ነው አልኩ። ሰውየውስ? አማቴ ናቸው አልኩ፤ ቀጥዬ ሊሆኑ ነው አልኩ፤ ቀጥዬ ከሆነልኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ አፌን የሚዘጋው ጠፋ። ንብረት ክፍሉን፣ ሽማግሌውን፣ እሑድን፣ ሠላሳ ዓመት አብረው ተነስተው የማያውቁትን ባልና ሚስት፣ ሁሉንም ዘከዘክሁ። እሱ ይጽፋል። እንደ ወንድም አስበህ አንዷን ብቻ ስጠኝ አልኩት። ያልተፈቀደ ፎቶ ከዚህ ክፍል አይወጣም አለኝና ደብተሩን ዘጋ።

ዓርብ ዕለት አለቃዬ ፖስታ ይዞ ጠራኝ። ከጦር ሰፈሩ የመጣ ነው። በሆዴ ተኝቼ ያነሳኋቸው ፎቶዎች በሙሉ ተከልክለዋል፤ በየጀርባቸው ምክንያታቸው ተጽፏል። «ተራራ ይታያል።» «የወታደር ጫማ ይታያል።» «ጓዱ አፋቸውን ከፍተዋል።» ጓዱ በአንድ በኩል ወጥተው ሰማይ ብቻ የቀረበት አንድ ፎቶ ነበር፤ እሱ ላይ «ደመና የለም» ይላል። ከሁሉ መሃል ማኅተም የተመታበት አንድ ብቻ ነው። በር የለበት፣ አጥር የለበት፣ ወታደር የለበት፣ ተራራ የለበት። ጀርባው ላይ «ከጉብኝቱ ፎቶግራፎች መካከል ይህ ብቻ እንዲወጣ ተፈቅዷል» ይላል።

ገለበጥኩት። ጋሽ ደምሴ ጥሩምባቸውን ይዘው ያዩኛል።

አለቃዬን እነዚህ እኮ ሰፈሬ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ከጉብኝቱ ጋር ምንም አይነካካቸውም ልለው ስጀምር ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «አልሰማሁም» አለ። «ማኅተም ያለበትን አላወጣም ብል ለምን እባላለሁ። ያለ ፎቶ ባወጣው ደግሞ ፎቶው የት ገባ እባላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ሰዎቹ የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው?» ናቸው አልኩ፣ ምን ልበል። «በቃ፣ ነዋሪዎች ናቸው» አለና እርሳሱን አነሳ። ገጹ ላይ የቀረው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ግራና ቀኙን በመስመር ቆረጠው። እትዬ ዘነቡ ሄዱ። ትርሲት ሄደች። ጋሽ ደምሴ ከነጥሩምባቸው ብቻቸውን ቀሩ። ሥሩ ላይ «ነዋሪዎች ጉብኝቱን አስመልክቶ ደስታቸውን ሲገልጹ» ብሎ ጻፈበት። አለቃዬ የቦሌ ሰው ነው፤ ጥሩምባ ሲያይ የሚታየው ደስታ ነው። ፎቶውን ልውሰደው ስለው፣ ተፈርሞ ወደ ጦር ሰፈሩ ይመለሳል አለኝ።

እንግዲህ እሑድ ነጋ። እኔ እጄ ላይ ምንም የለም።

ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ከቅዳሴ ስወጣ ሰዉ ጋዜጣ ከቦ ቆሟል። ላዩ ላይ የእንግዳው ጓድ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ ጋሽ ደምሴ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጥሩምባቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጽሑፉን ያነበበ አልነበረም። ምን ሊያደርግለት? ጉለሌ ውስጥ ጋሽ ደምሴና ጥሩምባ ከአንድ ሰው ስም ጋር ከመጡ ነገሩ አንድ ነው። አንዷ ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች «በመንገድ አልበቃ ብሏቸው በጋዜጣ እስኪለፍፉ ድረስ!» ስትል ሰማሁ። ሰኞ ዕለት ወደ ላይ ሲወጡ መኪናቸውን ያላየ ሰው የለም፤ ስለዚህ የሞቱትም እዚያው ጦር ሰፈር ነው ተባለ። በሦስት ሰዓት ዊንጌት አካባቢ ጠመንጃ ባርቆባቸው ነው ይባል ነበር። ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ምሳ አንቋቸው ሆነ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የእድራችን ሰዎች ድንኳን ተሸክመው ወጥተው፣ የት እንደሚተክሉት የሚነግራቸው አጥተው መንገድ መሃል ቆመዋል።

ሁለቱ ሽማግሌዎቼ ይህን ሲሰሙ አንዱን ወገቡን አመመው፣ ሌላው ዘመድ ጥየቃ ሄደ። መምሬ ክንፈ ብቻ ቀሩ። «የኔ ሥራ ፍትሐትም ተክሊልም ነው» አሉኝ፤ «ከሁለቱ አንዱ መሆኑ አይቀርም፣ ና እንሂድ።»

ገባን። ጋሽ ደምሴ ጋዜጣውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከጠዋት ጀምሮ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሲመልሱ ነው የዋሉት። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። ፎቶውን ዳርና ዳሩን በጣታቸው ዳሰሱና «ባለቤቴ የት ሄደች?» አሉኝ። እትዬ ዘነቡ በሩ ጋ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቦታ ጠቦ ነው ልል አፌን ስከፍት ደጃፉ ላይ ጂፕ ቆመ።

በዚያ ዘመን ጂፕ ደጃፍ ላይ ሲቆም ሰው የሚያደርገው ነገር የለም፤ ይቆማል። ሁላችንም ቆምን። ሻምበሉ ኮፊያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። እትዬ ዘነቡ በደመ ነፍስ ወንበር ሰጡት፣ ጠላም ቀዱለት። ከፖስታ ውስጥ ፎቶውን አወጣ፣ ሙሉውን፣ ሦስቱም ያሉበትን። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አንድ በአንድ ከፊታቸው ጋር አስተያየ። እርስዎ። እርስዎ። አንቺ። ትክክል ነው አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ፎቶው የጎረቤት እንጂ የጉብኝቱ አለመሆኑን ረቡዕ ዕለት ጽፌ ነበር አለኝ፤ ነገር ግን ሪፖርቴ ጥብቅ ምስጢር ስለነበር የሚፈቅደው ኮሚቴ አላነበበውም።

ሁለት ነገር ሊያጣራ ነው የመጣው። አንደኛ፣ ጓዱ የመጡት እዚህ መሆኑን ለሰፈሩ ሰው ማን ነገረ? ሁለተኛ፣ ሞቱ ያለው ማን ነው?

ጋሽ ደምሴ ለመጀመሪያው፣ ሻምበል፣ ውሻ አሳስራችሁ ድንጋይ ኖራ አስቀብታችሁ ማን እንዲነግረን ፈለጋችሁ አሉት። ለሁለተኛው ጥሩምባቸውን ከግድግዳው አውርደው ፊቱ አስቀመጡ። ይህንን ጉለሌ ለሠርግ ሰምቶት አያውቅም አሉት። ሻምበሉ ጋዜጣውን አየ፣ ጥሩምባውን አየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አነበብኩ። ገባው።

እንግዲያው ያስተባብሉ አላቸው፤ ዛሬውኑ ዞረው ይለፍፉ። ጋሽ ደምሴ ለሞተ እንጂ ላልሞተ ሰው ነፍቼ አላውቅም ቢሉም፣ ትእዛዝ ነውና «እንዴት ልበል?» አሉት። «ጓድ እገሌ አልሞቱም ልበል?» ስም አይጠራም አለ ሻምበሉ። «ላይኛውን ሰፈር ጎብኝተው በደኅና ተመለሱ?» ቦታውም ጉብኝቱም አይነሳም። ጋሽ ደምሴ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ የቀራቸው «አልሞቱም» የምትል አንዲት ቃል ናት። «ማን ቢሉኝስ?» አሉ። ሻምበሉ አሰበ፣ አሰበና «ዝም ይበሉ» አለ። መምሬ ክንፈ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ግድግዳ ዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጨረስን ስል ሻምበሉ ደብተሩን ገለጠ። አንድ ነገር ይቀራል፤ ይህ ሰው በጦር ሰፈሩ ያየውን ለውጭ ሰው ተናግሮ እንደሆነ። ተናግሮ ከሆነ አሁኑኑ ከኔ ጋር ይሄዳል። ሻምበሉ ሁላችንንም አየና ትርሲት ላይ ቆመ።

«አንቺ፣ ስለ ጉብኝቱ ምን ነግሮሻል?»

ትርሲት ነጠላዋን አስተካከለች። ነጠላ የምትሸጥበት ፊቷን ነበር ያመጣችው።

«እሱ?» አለች። «እርስዎ ደግሞ። መናገር ቢችልማ ሽማግሌ ለምን ይልክ ነበር?»

ሻምበሉ እኔን አየ፣ መምሬ ክንፈን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። እኔ ያ ፊት ይስቃል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ሲስቅ ጥርሱ ፍንጭት ነው። «አልተናገረም» ብሎ ጻፈ፣ ጠላውን እስከ አተላው ጠጣ፣ ለእትዬ ዘነቡ እጅ ነስቶ ወጣ። ጂፑ ቁልቁለቱን ወርዶ ድምፁ እስኪጠፋ ማንም አልተነቃነቀም። ያኔ ነው ፎቶው ጠረጴዛው ላይ መቅረቱን ያየነው። ሻምበሉ ደግሞ ነገር የሚረሳ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ደምሴ ፎቶውን አንስተው ወደ ብርሃኑ ወሰዱት። እትዬ ዘነቡ መጥተው እጃቸውን በባላቸው ትከሻ ላይ አሳርፈው አዩት። እጃቸው በፎቶው ውስጥም ትከሻቸው ላይ ነው። እትዬ ዘነቡ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ፎቶውን ለሚስታቸው ሰጥተው ካፖርታቸውን ቆለፉና ወደ መምሬ ክንፈ ዞሩ።

«ቦኖው ከአጥሬ ሥር ነው» አሉ። «ሰኞ ዕለት ይህ ልጅ ወንበሩንም ደመናውንም ሲነግራት ቆሜ ሰምቻለሁ። ልጄን ሳሳድግ ውሸት ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ለሱ ብላ፣ ጂፕ ደጄ ቆሞ፣ ዓይኗን ሳታሽ ዋሸች። ታዲያ እኔ ምኑን እሰጣችኋለሁ? ልጅቱ ድሮ ሄዳለች።»

ጥሩምባቸውን አንስተው በሩ ላይ ደረሱና ዞር አሉ።

«ቀኑን እናንተ ቁረጡ» አሉን፤ «እኔ የምለፍፍለት ያልሞተ ሰው አለብኝ።»